ማግኔቱን የተከተለው ብናኝ

ሠላሳ ዓመት ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው «የአውቶቡሱ ሞተር ዘንግ የሚያርፍበትን ብሮንዚን አበላሽቶ ገጠመ» ተብሎ ቢባረር፣ እናንተስ ዝም ትሉ ነበር? መካኒኳ ዝም አላለችም። ሙያውን ያስተማራት ያ የተባረረው ሰው አጎቷ ነበር። ከአውቶቡሱ ሞተር ሥር ካለው የዘይት መያዣ፣ ከኮፓው፣ ከዘይቱ ጋር የወረደውን ብናኝ በቤንዚን አጥባ በነጭ ወረቀት ላይ በተነችው፤ ከዚያም ማግኔቱን ልክ እንደ እሱ በሁለት ጣቷ ይዛ ከወረቀቱ ሥር አስጠጋችው። እሱ ይህን ሲያደርግ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንጎራጉር ነበር። «ብረት ማግኔት ሲያይ ይጨፍራል፤ የብሮንዚን ብናኝ ግን የመዳብ ዘር ስለሆነ ኩሩ ነው፣ ንቅንቅ አይልም» እያለ ያስቃት ነበር። ያ ድምፁ፣ በሳሙና ታጥቦ የማይለቀው የናፍጣ ሽታው እንኳ ናፈቃት።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ያደክምሻል? የሽማግሌው እጅ ተንቀጥቅጦ ነው» አለ የጋራዡ ኃላፊ ከኋላዋ።

«ጠጋ ይበሉና ይዩ፣ ጌታዬ።»

ማግኔቱን ቀስ አድርጋ ጎተተችው። ብናኙ ተግተልትሎ ተከተለው፤ ከቦታው የቀረች አንዲት ቅንጣት አልነበረችም። ሁሉም ብረት ነበር፤ ከብሮንዚኑ የወጣ አልነበረበትም። በተከፈተው ሞተር ሥር ተንጋላ ብረት ከብረት የሚፋጭበትን የዘይት ፓምፕ ክዳን ፈታች፤ የውስጥ ጥርሱ ጫፍ ውሻ እንዳኘከው አጥንት ተሸራርፏል። ፓምፑን ባለፈው ወር የገጠመው ኃላፊው ራሱ ነበር። ሠራተኞቹ መዶሻቸውን እያስቀመጡ ተሰበሰቡ። ከሞተሩ ሥር ወጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ይህን ፓምፕ ማን ገጠመው? ለእኔ ብቻ በጆሮዬ አይንገሩኝ! ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ይመልሱ!»