ከሰሉን አውጥተሻል?

በር ተዘግቶ የሚነድ ከሰል ሰው እንደሚገድል አከራይቷን ያስተማራቸው የለም፤ ከሚያከራዩት ክፍል ሬሳ ሲወጣ በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ በየምሽቱ የተከራይዋን የልብስ ሰፊዋን በር ያንኳኳሉ።

«ከሰሉን አውጥተሻል?»

«አውጥቻለሁ እማማ!»

«ምላስ አጥንት የለውም» ብለው ደጃፉን አሽትተው ይመለሳሉ።

ዛሬም መልሷን ሰምተው ዘወር ሲሉ፣ ልብስ ሰፊዋ ሻንጣዋን አንጠልጥላ በግቢው በር ገባች።

«እንዴት ሰነበቱ እማማ? ሳምንቱን ሙሉ እህቴ ዘንድ ነበርኩ።»

«ታዲያ ማንን ደብቀሽ አስገባሽብኝ? ጅል መሰልኩሽ?»

«ኧረ ማንንም! ቁልፉም ይኸው።»

ቁልፉን መንጭቀው በሩን ደበደቡት።

«አንቺ! ማነሽ?»

ከውስጥ ያው የልብስ ሰፊዋ ድምፅ መለሰ።

«እኔ ነኝ እማማ። ከሰሉን አውጥቻለሁ። ከጎንዎ የቆመችውን ግን እንዳያስገቧት።»