የላላው ገመድ

ቱይሬ ሦስት ዓመት የደከመችበትን አንቴና የሥራ ባልደረባዋ ኢልማሪ በስድስት ወር የሠራው ይበልጠዋል እየተባለ፣ በኡሉ ከተማ ባለው ቤተ ሙከራ ሲወራ ሰነበተ። ለጉባኤ የሚላከው የተሻለው አንዱ ብቻ ነበር፤ የዚያን ዕለት የእሱን አንቴና እንድትለካ የታዘዘችው ራሷ ቱይሬ ነበረች። ውጤቱ ከእሷ አንቴና በታች ሆኖ ሲወጣ ልቧ ቅቤ ጠጣ።

«በቃ፣ በለጥሽኝ» አለ ኢልማሪ ጃኬቱን እያነሳ። «ለጉባኤው ያንቺ ይሂድ።»

አንቴናውን ልትፈታ እጇን ስትሰድ ከመለኪያው ጋር የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ ገመድ ማያያዣ በጣቷ ዞረ። ላልቷል። ከእሷ በቀር ያየ ሰው አልነበረም፤ ኢልማሪም በሩ ጋ ደርሷል።

«ተመለስ» አለችው ድምፅዋ ሻክሮ። «ውጤቱ ያነሰው ገመዱ ላልቶ ነው። እንደገና እንለካው።»

ማያያዣውን አጥብቃ እንደገና ለካችው። ቁጥሩ የእሷን በእጥፍ በለጠ፤ በገዛ እጇ መዝገቡ ላይ አሰፈረችው። ኢልማሪ አመሰገናት። እሷም «እንኳን ደስ አለህ» ልትለው አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን አልወጣላትም።