ምክንያቱን ጽፎ ይፈርማል

ላጢፋ ማሽኗን አጥፍታ ተነሣች። በመስመር አራት ከሻይ ሰዓት በፊት ማሽን አጥፍቶ የሚነሣ ሰው የለም፤ ከጎኗ ኮሌታ የምትሰፋው አሰጋሽ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አንሥታ አየቻት። ላጢፋ ከእጅጌው ክምር ሥር የሸጎጠችውን ወረቀት አውጥታ በመስመሩ መጨረሻ ወዳለው የሱፐርቫይዘሩ ጠረጴዛ አመራች።

ወንድዬ በየሰዓቱ የተሰፋውን ቁጥር ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ነበር። ከሰሌዳው ጎን መዳፍ የሚያህል ቀይ የፕላስቲክ ካርድ በሚስማር ተንጠልጥሏል። የመስመሩ አርባ ሁለት ሴቶች ሽንት ቤት የሚሄዱት በዚህ በአንድ ካርድ፣ እሱ ሲፈቅድ ነው።

"ካርድ ከሆነ ጠብቂ" አለ ሳይዞር።

"ካርድ አይደለም። ፊርማ ነው።"

ዞሮ ተቀበላት። ከሁለት ዓመት በፊት እሱም ከእሷ ጎን ተቀምጦ እጅጌ ይሰፋ ነበር፤ ያኔ "ላጢ" ነበር የሚላት። የሠራተኛ ቅሬታ ማቅረቢያ የሚለውን የቅጹን ራስ አነበበ። ቀጥሎ የአመልካቿን ስም አየ፤ ኢሽራቅ ይላል። ከሥሩ የራሱ ስም አለ።

"እና ራሴን ልክሰስልሽ?" ሳቀና ወደ ሴቶቹ ተመለከተ። "ሰማችሁ? ላጢፋ ጠበቃ ሆናለች።"

ሁለት ሦስቱ ፈገግ አሉ። የቀሩት ጨርቃቸው ላይ አቀረቀሩ።

"ፈርም ያልኩህ እኔ አይደለሁም፤ ቅጹ ነው" አለች ላጢፋ። "ጠዋት እትዬ አስቴር ቢሮ ወስጄው ነበር። የቅርብ አለቃ ፊርማ ከሌለው አይመዘገብም ብለው መለሱኝ።"

"ባለጉዳይዋስ? እግር የላትም?"

"አፍራ ነው።"

ያሳፈራት ነገር የሆነው ሰኞ ነበር። የሰባት ወር እርጉዟ ኢሽራቅ ሦስት ጊዜ ተነሥታ ካርድ ጠየቀች፤ ሦስት ጊዜ ተቀመጪ ተባለች። ለአራተኛ ጊዜ ልትነሣ ስትል አልቻለችም፤ ቀሚሷ ርሶ ነበር። ጋዋኗን ወገቧ ላይ አስራ ስትወጣ ማንም ቀና ብሎ አላያትም፤ ላጢፋም ጭምር። ከማክሰኞ ጀምሮ አልመጣችም። ትናንት ላጢፋ ከሥራ ወጥታ ከቂሊንጦ አቃቂ በሰቃ ድረስ ሄዳ ቅጹን ስታስሞላት፣ "በየት ዓይኔ ነው እነሱን የማያቸው?" እያለች ነበር የፈረመችው።

በፋብሪካው ደንብ አምስት ቀን ያለ ፈቃድ የቀረ ይሰናበታል። ዛሬ፣ ዓርብ፣ አራተኛ ቀኗ ነው። ቅሬታው ዛሬ ገቢ ከሆነ ግን ጉዳዩ ታይቶ እስኪያልቅ ማንም አያሰናብታትም፤ ይህንንም የሚለው ያው ደንብ ነው። ላጢፋ መመገቢያ አዳራሹ በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ፣ ምሳዋ እስኪቀዘቅዝ ቆማ አንብባዋለች።

"አልፈርምም" አለ ወንድዬ ወረቀቱን ሲዘረጋላት።

እጇን አልዘረጋችም። "ቁጥር ስምንትን እየው። አለቃው ካልተስማማ ምክንያቱን ጽፎ ይፈርማል ይላል። እንዲሁ ይመልሳል አይልም።"

"ደንቡን ሁሉ በቃልሽ ይዘሽዋል በይኛ።"

"ሁሉን አይደለም። ይቺን ብቻ።"

"ወደ ማሽንሽ ተመለሺ። ሥራ እያስፈታሽብኝ ነው።"

"ስትፈርም እመለሳለሁ።"

እጇን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተች እንጂ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ከኋላዋ የማሽኖቹ ድምፅ እየሳሳ ሄደ፤ አንዷ ታቆማለች፣ ጥቂት ቆይታ ሌላዋ። ወንድዬ ሰሌዳውን አየ። የሰዓቱ ቁጥር ሊጎድልበት ነው።

"ምክንያት ነው የምትፈልጊው?" እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አወረደ። "ምክንያት ሞልቶኛል።"

ቆሞ፣ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። የእጅ ጽሑፉ ያምራል። ተጭኖ ጻፈ፣ ፈረመ፣ ቀኑን ጨመረ፣ ከዚያም መስመሩ ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ አነበበ። "ሠራተኛዋ ሦስት ጊዜ ካርድ ጠይቃለች። ያልተሰጣት የሰዓቱን ታርጌት ስላልሞላች ነው።" ወረቀቱን ሰጣት። "ውሸት አለበት?"

"የለበትም" አለች ላጢፋ።

የሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊዋ የእትዬ አስቴር ቢሮ በአዳራሹ ጫፍ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ነው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። የወንድዬ ጽሑፍ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳርፈው እንደገና አነበቡት።

"ማነው እንዲህ ብሎ ያስጻፈው?"

"ማንም። ራሱ ነው።"

"ይቺን የአለቃ ፊርማ የምትለዋን ቁጥር ያስገባኋት እኔ ነኝ" አሉ። "የተቀየመ ሁሉ እየተነሣ በሬ ላይ እንዳይሰለፍብኝ ብዬ።" ቅጹን ወደ መሳቢያቸው ሳብ አደረጉት። "ተዪው፤ ሰኞ በደንብ አየዋለሁ።"

"ሰኞ አምስት ቀኑ አልፏል፣ እትዬ። ማየቱ ሰኞ ይሁን። ገቢው ግን ዛሬ ይሁንልኝ።"

"ወንድዬ ነገም አለቃሽ ነው እኮ፣ ልጄ።"

"አውቃለሁ።"

ሴትዮዋ ትንሽ አዩዋት። መዝገቡን ስበው ቁጥር ሰጡት፣ ቀኑን ጻፉ፣ ማኅተሙን አንሥተው መቱበት።

"ቀሪው ላይም ይምቱልኝ" አለች ላጢፋ። ቅጹ ባለ ሁለት ቅጠል ነው፤ የታችኛው ለሠራተኛው ይሰጣል። የወንድዬ ጽሑፍ ካርቦኑን አልፎ እዚያም ላይ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል።

"አንቺ ደግሞ አትለቂም" አሉ እትዬ አስቴር። ማኅተሙን ቀለሙ ላይ ጫን አድርገው ሁለተኛውንም መቱት።

ቀለሙ ገና እርጥብ ስለነበር ላጢፋ ወረቀቱን አላጠፈችውም። ሾርባ እንደሞላ ሰሃን በሁለት እጇ ጋደም አድርጋ ይዛ፣ እፍ እያለችበት፣ በአዳራሹ መካከል ወደ ማሽኗ ተመለሰች።