የማይዋሸው ሞኒተር

ፎቶ አንሺው ሞኒተር ሊገዛ እናቱን ይዞ ሱቅ ገባ። የቤቱ ሞኒተር ቀለም ማበላሸት ጀምሯል፤ ትናንት በእህቱ ሠርግ ያነሳው ፎቶ ላይ የሁሉም ፊት ደህና ሆኖ የእናቱ ብቻ አመድ መሰለበት። ቢያርመው ቢያርመው አልቀና አለ።

ሻጩ ፎቶውን ካሉት ሁሉ ምርጥ በሚለው ሞኒተር ከፈተው። የሙሽራዋ ቬሎ ነጭ፣ አበባው ቀይ፣ የእናቱ ፊት አመድ።

"ይሄም ተበላሽቷል እንዴ?" አለ ፎቶ አንሺው።

"ወንድሜ፣ ይሄ ቀለም አይዋሽም።"

እናቱ ሳቀች። "ያረጀሁት እኔ፣ የምትወቅሱት ዕቃውን!"

"እስቲ እማዬ፣ አጠገቡ ቁሚ።"

ሄዳ ከሞኒተሩ ጎን ቆመች። በመስኮት የገባችው ፀሐይ ፊቷ ላይ አረፈች። ከሠርጉ ወዲህ ልጇ ፊቷን ልብ ብሎ ሲያየው ይሄ የመጀመሪያው ነው። ሻጩ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እሷን አየና፣ "ልክ ነው" አለ። ከዚያ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ልጇ እጇን ያዘ፤ በረዶ ነው። አንጓዋን በጣቱ ተጭኖ የደም ሥሯን ትርታ ፈለገ። ቦታ ቀየረ። ሌላኛውን እጇን ያዘ፤ ጠበቀ።

"ምን እየፈለግክ ነው ልጄ?" አለችው።