የማቲዎስ ቤት ተራ

የኅብረቱ የእሁድ ከሰዓት ጸሎት በየቤቱ ይዞራል። ከታቢታ ቤት ቀጥሎ የማቲዎስ ነበር፤ ከማቲዎስ ቀጥሎ የአቢጊያ። ማቲዎስ የሚሠራበት የቡና ማበጠሪያ የተዘጋ ሰሞን፣ ለሰው ሁሉ ሻይና ዳቦ ማቅረብ እንዳይከብደው ብለው ዘለሉት። ያኔ አመስግኗቸዋል። አራት ዓመት አለፈ፤ አሁን ከታቢታ ቤት ቀጥሎ የአቢጊያ ነው።

ዛሬ ታቢታ ቤት ናቸው። ማቲዎስ በሩ አጠገብ ተቀምጦ መዝሙሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ጠዋት ከአከራዩ አግዳሚ ወንበሮች ተውሷል። አከራዩ ሙሐመድሳኒ፣ ኒካህ ልታስር ነው እንዴ ብሎ ቀለደበት። እንግዳ አለብኝ ብሎ መለሰለት፤ ቃሉ ራሱ አፉ ላይ ጣፈጠው። ከዚያ አልጋውን አቁሞ ግድግዳው ላይ አስደገፈና ክፍሉን ለካ። ጠበብ ብለው ከተቀመጡ ሁሉንም ይይዛል።

መዝሙሩ አለቀ። የኅብረቱ መሪ ማርቆስ የሚቀጥለውን ሳምንት ሊያስታውስ ወደ አቢጊያ ዞረ።

«እኔ ቤት ይሁን» አለ ማቲዎስ።

አቢጊያ ለእሷ ምንም እንደማይከብዳት ተናገረች። ታቢታ ወደ ማቲዎስ ቤት የሚወስደው መንገድ በዚህ ዝናብ ጭቃ መሆኑን አነሳች። የእሷም ቤት ያለው እዚያው መንገድ ላይ ነው።

«ተዘጋጅቻለሁ» አለ። «ተራዬም ነው።»

ማርቆስ ፈገግ ብሎ ትከሻውን ያዘው። «ማቲዬ፣ ጌታ ሥራ የሰጠህ ቀን የምስጋናው ፕሮግራም አንተ ቤት ነው። ያን ቀን በሬ ብትጥልልን እንኳ አንቀየምህም።»

ሁሉም እየሳቁ አሜን አሉ።

ማቲዎስ አይሆንም ቢል አሜን የተባለበትን መቃወም ይሆንበታል። ሻይ ብቻ ነው፣ ለሻይ አላንስም ሊል አፉን ሲከፍት፣ ታቢታ ከልቧ አዝና «አሁኑኑ እንጸልይለት» አለች።

ወንበሮች ተገፉ። እጆች ራሱ ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ ጀርባው ላይ አረፉ። እጃቸው ያልደረሰ የፊተኞቹን ክርን ያዙ። ከክብደቱ አንገቱ ዝቅ አለ፤ ዙሪያውን የሚታየው ካልሲና የወንበር እግር ብቻ ሆነ። ከላዩ በአማርኛ፣ በከምባትኛ፣ በኦሮምኛ ሥራ ተለመነለት። አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀበላል። ማንም ሻይ አላነሳም።

በዕለቱ ከተጸለየው ሁሉ ረዥሙ ይኸኛው ነበር።