የዕንባ ምስክር

ውኃ ውስጥ ዕንባ አይታይም። ስለዚህ ከባሕር ሰዎች መካከል ሐዘን የደረሰበት ሁሉ ከውኃው በላይ ብቅ ብሎ ያለቅሳል፤ ሌላ ሰውም አይቶ ይመሰክራል። በወጉ ያልተለቀሰለት ሬሳ ከአባቶቹ ዋሻ አይገባም፤ ማዕበል እንደወሰደው ይቀራል።

ባሏ በዓሣ አጥማጆች መረብ ታንቆ የሞተባት ሴት ከአማቷ ጋር ወጣች። ዘመድ አዝማዱ ሬሳውን ይዞ ከታች ይጠብቃል። ፀሐይዋ ፊቷን ወዲያው አደረቀችው። ማታ ማታ የባሏን ቅርፊት በአሸዋ እየፈተገች ታጥብለት እንደነበር አሰበች። መረቡን አሰበች። ልቧ ደንዝዟል፤ ዓይኗም ደረቅ ነው።

«እማማ፣ እንቢ አለኝ» አለች።

አሮጊቷ አፍጥጠው አዩዋት። የሞተው አንድ ልጃቸው ነው። አሁን ይጮኹብኛል ብላ አንገቷን ደፋች።

«እስቲ ጭንቅላትሽን ንከሪና ቶሎ ቀና በይ» አሏት ቀስ ብለው።

እንዳሏት አደረገች። ውኃው በጉንጮቿ ላይ ኮለል እያለ ወረደ።

«አልቅሳለች፤ አይቻለሁ» አሉ አማቷ። ከዚያ ዙሪያቸውን ቃኙና ጠጋ አሏት።

«በይ ልጄ፣ አሁን ደግሞ የእኔን አንቺ መስክሪ» ብለው ጭንቅላታቸውን ነከሩ።