ሳይጠይቅ የተጫነው

«እነዚህ መግለጫዎች ፈተና አልፈዋል ብዬ አልፈርምም!» አለች የክሊኒኩ ሶፍትዌር ፈታሽ። «ለኤአይ ረዳቱ ሁለት መሣሪያ ሰጥተነዋል፤ አንዱ ቀጠሮ ይሰርዛል፣ አንዱ ያዛውራል። የሁለቱም መግለጫ ግን ‹ቀጠሮ ያስተካክላል› ነው የሚለው። የትኛውን ልጠቀም ብሎ ቢጠይቅ ምን ይፈረድበታል?»

«ደደብ ስለሆነ ነው የሚጠይቀው!» አለ መግለጫዎቹን የጻፈው አለቃዋ። «ሰው ቢሆን ወዲያው ይገባው ነበር።»

«እንግዲያው እርስዎ ይሞክሩት።»

«ምን ችግር አለ! ያው፣ የእናቴን የዓይን ቀዶ ጥገና ወደ ሐሙስ ላዛውርልሽ።» ኮምፒውተሩ ላይ መግለጫዎቹን አነበበና ሳያመነታ ከሁለቱ መሣሪያዎች አንዱን ተጫነ።

ወዲያው ስልኩ ጠራ። የእናቱ ድምፅ እስከ ፈታሿ ድረስ ይሰማል።

«ልጄ፣ ስንት ወር የጠበቅኩት ቀጠሮ ተሰረዘ የሚል መልእክት መጣ አሉኝ። ምን አጥፍቼ ነው?»

ፈታሿ እስክሪብቶውን ወደ እሱ ገፋችው።

«እርስዎ ይፈርሙ።»